ድሪውና እርሳሱ

ድሪው ከተሰቀለበት ከሥዕሉ ሥር የወረደው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ያወረደችውም የቤቱ እመቤት ፈጠነች ራሷ ናት። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ እጇን ታጠበች፣ አማተበች፣ ከዚያ በሁለት መዳፏ ተቀብላ ሳሎን ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ብሮቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

ድሪው አሥራ ሁለት ጠገራ ብር ነው፤ ያ የሴትዮዋ ምስል ያለበት የጥንቱ ጠገራ። አንዱም አልተበሳም። እያንዳንዱ በቀጭን የብር ቀለበት ታቅፎ ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥሏል። ያሠሩት የባሏ የሀብተጊዮርጊስ አባት ናቸው። ከሰሜን ከመጣ ቤተሰብ ሶዶ ላይ ተወልደው ሶዶ ላይ ያረጁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። በቤተሰቡ ውስጥ የምትዳር ሴት ልጅ ሁሉ በሠርጓ ቀን ድሪውን ታጠልቃለች፤ ከመልሱ ማግስት ይመለሳል። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ ድሪውን ለታላቁ ልጃቸው ለሀብተጊዮርጊስ ሰጡ። በዴሳ ከተማ እህል ለሚነግደው ለታናሹ ለይልቃል የሰጡት ደግሞ አንድ ከባድ የእርሳስ ቁራጭ ነው።

እርሳሱ እንዲሁ እርሳስ አይደለም። ሽማግሌው በዘመናቸው የሰው ብር በአደራ የሚያስቀምጥ ሰው ዳር ዳሩን በሞረድ ፈግፍጎ፣ ብናኙን ለአንጥረኛ ሲሸጥ አይተዋል። በዓይን አይታወቅም፤ ብሩ ያው ብር ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው። ስለዚህ የጥይት እርሳስ አቅልጠው፣ ድሪውን በሚዛኑ በአንዱ ሳህን እርሳሱን በሌላው አድርገው፣ ሁለቱ እኩል እስኪቆሙ ድረስ እርሳሱን በቢላ እየቀረፉ አስተካከሉት። ከዚያ በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው ቆዳ ውስጥ ሰፉት። «ድሪው ሶዶ፣ እርሳሱ በዴሳ። ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ» አሉ። ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ብር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ስላዩ ነው።

እርሳሱ ከቆዳው ሳይወጣ ስንትና ስንት ሠርግ አለፈ። ዘንድሮ ግን ይልቃል ከአዲስ አበባ የድሮ ብር የሚሰበስብ ሰው አገኘ። «የእኔ ልጆች ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ድሪ የሚያጠልቅ የለኝም» አለ ወንድሙን። «እርሳስ እንደታቀፍኩ ልሙት ወይ፣ ጋሼ? ይሸጥና እንካፈል።» ሀብተጊዮርጊስ አልወደደውም፤ ግን ሰውዬው አይቶ ይሂድ ብሎ እሺ አለ።

ያን ሐሙስ ሰውዬው አንዱን ብር ከቀለበቱ አውጥቶ በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየው። የሴትዮዋን ፀጉር አየ። ትከሻዋ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የተደረደሩትን የጌጥ ነጥቦች ፈለገ፤ አጣቸው። ከቦርሳው መዳፍ የሚያክል ሚዛን አወጣና ብሩን አስቀመጠበት። ሌላም ደገመ። ሌላም።

«ይሄ ብር ሲወለድ ሃያ ስምንት ግራም ነው» አለ። «ገበያ ለገበያ ሲንከራተት፣ በስንቱ እጅና በስንቱ ቀበቶ ሲታሽ የኖረውም ቢሆን እኔ ጋ ሲመጣ ቢቀንስ ግማሽ ግራም የማይሞላ ነው። ይሄኛው ገበያ ወጥቶ አያውቅም ብላችሁኛል።»

«አያውቅም» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

«ታዲያ ከገበያው ብር ይልቅ የሳሳው ምን ሲሠራ ነው?»



«ተፍቋል ነው የምትለኝ?» አለ ይልቃል፤ ሰውዬውን ሳይሆን ወንድሙን እያየ።

«እኔ የማውቀው የጎደለውን ነው። የት እንደሄደ አላውቅም» አለና ሰውዬው መነጽሩን በጨርቁ ጠቅልሎ ተነሣ። እንዲህ የሳሳ ብር ለእሱ ከተራ ብር አይበልጥም፤ አልገዛም አለ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።

በሩ ሲዘጋ ይልቃል ከጃኬቱ ውስጥ ቆዳውን አወጣ። ስፌቱን በቢላ ተረተረው። የአባታቸው የነሐስ ሚዛን አሁንም ቁምሳጥኑ አናት ላይ ነበር፤ ሀብተጊዮርጊስ ራሱ አውርዶ አቧራውን እፍ አለበት። ድሪውን ከነሰንሰለቱ በአንዱ ሳህን፣ እርሳሱን በሌላው አደረጉ።

ድሪው ወደ ላይ ተነሣ።

ብዙ አይደለም። የአንድ ብር ሩብ ያህል ይሆናል። ግን እርሳሱ ያለበት ሳህን ጠረጴዛውን ነክቶ እዚያው ሲቀር፣ ፈጠነች የሞቱት አማቷ ከመቃብር እጃቸውን አውጥተው የጫኑት መሰላት። ይልቃል አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አንሥቶ አንገቷ ላይ ያለችውን የብር መስቀል አየ።

«ቆንጆ መስቀል ናት፣ እትዬ።»

«የእናቴ ናት» አለች ፈጠነች።

«አይደለችም አላልኩም እኮ።»

*

ዓርብ ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋናው ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ፣ ሁለቱንም ወንድማማቾች ከልጅነታቸው የሚያውቁ። ሀብተጊዮርጊስ ሞረድ የሚባል ነገር ቤቱ እንደሌለ ተናገረ። ይልቃል ደግሞ «እኔ ሌባ አላልኩትም፤ የሚለኝን ይማልልኝና ይበቃኛል» አለ። ብር አልጠየቀም፣ ድሪውን አልጠየቀም፤ መሐላ ብቻ።

ቃሉንም ራሱ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ሀብተጊዮርጊስ እጁን እርሳሱ ላይ አድርጎ እንዲህ ይላል፦ ከዚህ እርሳስ ጋር እኩል የተቀበልኩትን ድሪ የእኔም እጅ የቤቴም ሰው እጅ አላጎደለውም፤ አጉድለነው እንደሆነ ቤቴ ይጉደል።

«መጨረሻውን ተወው» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«ንጹሕ ሰውም ልጅ አለው፣ ይልቃል።»

«ይተወዋ እንግዲህ። ትቶት ይሂድ፤ እኔም የምለውን እላለሁ።»

ሀብተጊዮርጊስ ራሱ «እምላለሁ» አለ። የንስሐ አባታቸው ሲሰሙ አዘኑ፤ አትማሉ ተብሏል፣ እኔ አልቆምበትም፣ ከደጀ ሰላሙም ውጡልኝ አሉ። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዛፍ ሥር እንዲሆን ተቆረጠ።

ፈጠነች ይህን ሁሉ የሰማችው ከጓዳ ሆና ነው። አጠገቧ ልጇ ትሕትና ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ቂጣ በዳጣ እያጠቀሰች ትበላ ነበር። ከባሏ ቤት ለመውለድ ወደ እናቷ የመጣች ናት፤ ወሯ ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። «ቤቴ ይጉደል» የሚለው ቃል በግድግዳው አልፎ ሲመጣ ቂጣውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ፈጠነች የልጇን ሆድ ላለማየት ወደ ምድጃው ዞረች።

ባሏ ንጹሕ ነው። ይህን ታውቃለች። እሷም ሞረድ በእጇ ነክታ አታውቅም። ታዲያ ብሩ የት ሄደ? ብር እንደ ቅቤ አይቀልጥ፣ እንደ እህል አይነቅዝ።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሕፃኑን መጠቅለያ ልታወጣ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጸሎት መጻሕፍቷ ኋላ አንድ ነገር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ኳ አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። የወደቀው የድሪው መወልወያ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ሲወድቅ ኳ አይልም። ቆማ ቀረች።

ሙሽራ ሆና ስትመጣ የባሏ እናት የሰጧት የነጠላ ቁራጭ ነው። «ድሪው ከሥዕል ሥር ነው የሚሰቀለው፤ ጠቁሮ አይታይ» ብለዋት ነበር። በየበዓሉ ዋዜማ፣ በየወሩ መድኃኔዓለም፣ ሠርግ ሲሆንም ከሠርጉ በፊትና በኋላ፣ ፈጠነች የተነፋ አመድ በሎሚ ለውሳ አንድ በአንድ ታሻቸዋለች። ፊታቸው እንደ ፀሐይ እስኪያበራ። ጨርቁ ጥቁር ይሆናል። እሷም የብሩ እድፍ ነው ትላለች። ነገር ግን ጨርቁ ከሥዕል ሥር የተሰቀለውን የነካ ነው፤ ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም፣ አይጣልም። እንዳለ ደርቆ መጻሕፍቱ ኋላ ይቀመጣል። ያለቀለቀችበትን ውኃም የሰው እግር በማይረግጠው፣ ከጓሮው አቮካዶ ሥር ታፈሰዋለች። ከማንም አልደበቀችም፤ የጠየቃትም የለም። ጸሎት የሚያደርስ ሰው ጸሎቴን አደረስኩ ብሎ አይናገርም።

ጨርቁን አነሣችው። እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። በመዳፏ ላይ ከባድ ነው።

በዚያው ነጠላዋን ጣል አድርጋ ባጃጅ ያዘችና ወደ ቸርነት ሱቅ ሄደች። ቸርነት አንጥረኛ ነው። አባቱ ከጉራጌ መጥተው ከመናኸሪያው በላይ የከፈቷትን ጠባብ ሱቅ እሱ ይዟታል፤ አሁን አብዛኛው ሥራው የጋብቻ ቀለበት ማጥበብና ማስፋት ነው። ሱቁ ዝግ ነበር። ጎረቤቱ «ለቅሶ ሊደርስ ሃላሌ ሄዷል፤ ነገ ጠዋት ይገባል» አላት።

ማታ ባሏ ምንም አልበላም። ቁጭ ብሎ ዳዊቱን ይደግማል። ሁለት ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። ግን ምን ትበለው? ምናልባት እኔ ነኝ ትበለው? ምናልባት ደግሞ እድፍ ብቻ ቢሆንስ? ይልቃል ይህን ቢሰማ ገመዱን በገዛ እጇ አቀበለችው ማለት ነው። መጀመሪያ ልወቅ አለች። ያወቅሁ ጊዜ እነግረዋለሁ።

*

እሑድ ጠዋት ዳሞታ ተራራ ጉሙን እስከ ወገቡ ለብሶ ነበር። ሀብተጊዮርጊስ ወደ ቅዳሴ ሲወጣ «አትመጪም?» አላት።

«ከኋላ እደርሳለሁ።»

ቸርነት ሱቁን ገና እየከፈተ ነው። ፊቱ እንቅልፍ አልጠገበም። ጨርቁን ተቀብሎ ጠርዙን በጥፍሩ ጫረው፣ ወደ ብርሃን ይዞ አየው፣ ከዚያ በእጁ መዘነው።

«እትዬ ፈጠነች፣ ይሄን ሽጭልኝ» አለ እየሳቀ።

«አትቀልድ፣ ቸርነት።»

«አልቀለድኩም። ይሄ ብር ነው።»

«እድፍ ነው እንጂ።»

«ብር ሲጠቁር የሚጠቁረው ራሱ ነው፤ ከላይ የመጣበት ነገር ብቻ አይደለም። ጥቁሩን ስትፍቂው የፈቅሽው ብሩን ነው። አመድ ደግሞ ምን መሰለሽ? ዱቄት የሆነ ሞረድ ነው። በምን ያህል ጊዜ ነው የምትወለውዪው?»

«በየወሩ። በበዓሉም።»

«ስንት ዘመን?»

ነገረችው። ቸርነት መሳቁን ተወ።

«ገበያ የዋለ ብር እንኳ እንዲህ አይታሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ይነካዋል፣ ያስቀምጠዋል። አንቺ ግን...»

ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሀብተጊዮርጊስ እጁን እርሳሱ ላይ አድርጎ የቤቴም ሰው እጅ ሲል ታያት። የቤቱ ሰው እጅ እነሆ፤ ጣቶቿ መሐል ያለው ጥቁር መስመር ዓመት ሙሉ አይለቅም ነበር።

የመሐላውን ነገር በአጭሩ ነግራው «ሳይምል ልድረስ» ብላ ተነሣች።

«ምን ይዘሽ?» አለ ቸርነት። «ጨርቅ ይዘሽ ብትሄጂ የባልሽ ወንድም ይስቅብሻል። ባሏን ልታድን ከምድጃ ያነሣችው ነው ይላል። ላቃጥለውና ላቅልጠው፤ ብሩን እጅሽ ላይ ላድርግልሽ። ያኔ ምን ይላል? ቅዳሴውም አልወጣ።»

ልቧ ሂጂ አላት። ግን የይልቃል ዓይን አንገቷ ላይ እንዴት እንዳረፈ አስታወሰች። ቃሏ ብቻውን ምን ይመዝናል? «ቶሎ በል» አለች።

ቸርነት ጨርቁን ቆራርጦ በብረት ሳህን አቃጠለው። ጭሱ የሎሚ ሽታ ነበረው፤ ወይም ለእሷ እንዲያ መሰላት። አመዱን ሰብስቦ በማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ብሩን ከአመዱ ከሚለይ ነጭ ዱቄት ጋር ቀላቀለው፣ የጋዙን እሳት ለኮሰበት። መጀመሪያ የሚሆን አልመሰለም። አመዱ ይፈላል፣ ይተፋል። ቸርነት እያላበው ዱቄት ይጨምራል። ፈጠነች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትጸልያለች፤ ጆሮዋ ግን ከቤተክርስቲያኑ ወገን ነው። የደወሉን ድምፅ ሰማች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወረደ» አለ ቸርነት። ሸክላው ሥር አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ብር ተንከባለለች።

ውኃ ውስጥ ስትገባ ሽሽ አለች። ፈጠነች ሙሉ በሙሉ ሳትበርድ ጨበጠቻት።

ባጃጁ ዳገቱ ላይ በምእመናን ተዘጋ። ነጭ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ወደ ታች ይወርዳል፣ እሷ ወደ ላይ። ወርዳ በእግሯ ሮጠች። «እትዬ ፈጠነች፣ ደህና ነሽ?» የሚላትን አልመለሰችም።

ዛፉ ሥር ስትደርስ ሰዎቹ ቆመዋል። ጋሽ ሐብተማርያም በትራቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን ያያሉ። ይልቃል እርሳሱን ቆዳው ውስጥ እየመለሰ ነው። ሀብተጊዮርጊስ አያት፤ ከሐሙስ ጀምሮ ያላየችው ፊት ነበረው፣ የቀለለው።

«አለቀ» አላት። «ማልኩ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

መዳፏን ከፈተች። ፍሬዋ እጇ ላይ ነጭ ምልክት ሠርታ ነበር። «ያጎደልነው ይኸው» አለች። ከዚያ ስለ አመዱ፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ጨርቁ፣ አቮካዶው ሥር ስለፈሰሰው ውኃ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሀብተጊዮርጊስ ፍሬዋን በሁለት ጣቱ አነሣት፣ መልሶም መዳፏ ላይ አኖራት። አልተቆጣትም። ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ይልቃል፣ ያልኩት ቃል ልክ አይደለም። የቤቴ ሰው እጅ አጉድሎታል፤ ሳናውቅ። ቃሌን መልስልኝ።»

«ይመልስልህ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም ፈጥነው። «መሐላን የሚፈታው የተማለለት ሰው ነው። በል ይልቃል፣ ፈትቼሃለሁ በለው። አንዲት ቃል ናት።»

ይልቃል ፍሬዋን ሊያያት እንኳ አልቀረበም። የቆዳውን አፍ በገመድ ያስራል።

«ይቺ የጎደለውን ሩብ አትሞላም» አለ።

«የቀረው ከውኃው ጋር ሄዷል» አለች ፈጠነች። «ከሙሽሮቹ አንገት ጋር። የት ብዬ ላምጣልህ?»

«ሰምቻለሁ። ውሸት ነው አላልኩም።»

«ታዲያ ፍታው፣ ወንድሜ» አለ ሀብተጊዮርጊስ። «ትሕትና ወሯ ነው። ታውቃለህ።»

ይልቃል ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከቁጣ ይሁን ከሌላ ነገር አልታወቀም።

«አባባ ለአንተ ብር፣ ለእኔ እርሳስ ሰጡን። ዕድሜዬን ሙሉ እርሳስ ይዤ ኖርኩ፣ ጋሼ። ሠርግ በመጣ ቁጥር ድሪው ከአንተ ቤት ይወጣል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፤ የእኔን የጠየቀው የለም። ዛሬ አንድ ነገር ሰጠኸኝ። እሱንም መልስ ትለኛለህ?»

«ይልቃል» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም።

«አልፈታም አላልኩም። ዛሬ አልፈታም።» ቆዳውን ጃኬቱ ውስጥ ከተተና ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ሄደ። ዞር ብሎ አላየም። አንድ ጎኑ በእርሳሱ ክብደት ዘመም ብሏል።

*

ቤት ሲደርሱ ትሕትና በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ አንዱ ምሰሶው ላይ።

«አለቀ?» አለች።

እናቷ «ለምን ቆምሽ፣ ግቢ» አለቻት።

«መቀመጥ አቃተኝ። ወገቤን ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ አካባቢ።»

ፈጠነችና ሀብተጊዮርጊስ ተያዩ። እሱ በረንዳው ላይ አንድ እግሩን አውጥቶ ነበር፤ መልሶ አወረደው። ኮቱን አስተካከለ፣ ባርኔጣውን ደፋ። «የበዴሳ መኪና ሳይሞላ እደርስበታለሁ» አለ። «እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ሐኪም ቤት ይዘሻት ሂጂ፤ ስልኬን ክፍት አደርጋለሁ።» ደጁ ላይ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፣ ራቀ።

ፈጠነች ለጎረቤት ልጅ መኪና እንዲጠራ ነገረች። የሕፃኑን መጠቅለያ በፌስታል አደረገች። ከመውጣቷ በፊት ወደ ሥዕሉ ቀና አለች። ድሪው ሐሙስ ከወረደበት አልተመለሰም፤ ምስማሩ ባዶውን ነው። የብሯን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከሥዕሉ ሥር ተንበረከከች።

ከውጭ ልጇ ጠራቻት፤ ቀስ ብላ፣ እንደ መፍራት ብላ። «እማ።»

«መጣሁ።»

ቧንቧው ጋ ቆማ እጇን ታጠበች። በሳሙና አሸችው፣ ደግማ አሸችው። የጣቶቿ መሐል ያለው ጥቁር መስመር እንዳለ ነው። ውኃውን ዘጋችና እጇን ሳታደርቅ ልጇን ልትደግፍ ወጣች።